አባታችን የተከለውን ጥድ ነጋዴ በቁሙ ሊገዛን ነው፤ ይቆረጥ ወይስ ይተው?

ሂሳብ_በጠመኔ (ሰኞ፣ ማታ 2:40)

ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ስለ ደን የማውቀው ተማሪ ሳለሁ ከሰማሁት አይዘልም፤ ስለዚህ ታገሱኝ።

አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከወንዶ ገነት ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ሄክታር ገደማ እንጨት ትቶልናል። ከላይ በኩል ከአሥር ስድስት እጁ የፈረንጅ ጥድ፣ ከታች በኩል አራት እጁ ቀይ ባህር ዛፍ ነው። ጥዱን በ1998 ሲተክል ችግኝ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ መጥረቢያ ነክቶት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንጨት ነጋዴ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሁሉንም በቁሙ ልግዛችሁ፤ መቁረጡም መጫኑም በእኔ» አለን። ጥዱን 700 ዛፍ ነው ብሎ ገመተ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ ሲሰሙት ግን ትልቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይሸጥ ይላል። እናቴ ዝም ብላለች፤ እሷ ዝም ስትል አልወደደችውም ማለት ነው።

ምን ትሉኛላችሁ?

ታቦር_ግርጌ (ሰኞ፣ ማታ 3:05)

እህቴ እባክሽ አታስነኪው! አገር ሁሉ በየክረምቱ ችግኝ ይዞ ተራራ ሲወጣ እናንተ 19 ዓመት የቆመ ዛፍ ትጥላላችሁ? ያባት አደራ ነው።

ወንዶ_ምሩቅ (ሰኞ፣ ማታ 3:31)

@ታቦር_ግርጌ አባትየው እኮ ሲተክሉት ሊቆረጥ ብለው ነው። የፈረንጅ ጥድን ለጥላ ብሎ ዳገት ላይ ደርድሮ የሚተክል ገበሬ አላየሁም። ምንም የማይነካ ደን አለ፣ ቦታም አለው፤ ይሄኛው ግን ለጣውላ የተተከለ ነው። እዚህ ጥያቄው የትኛው ዛፍ፣ መቼ፣ ስንት የሚለው ነው።

አስተማሪዋ፣ እኔ ወንዶ ገነት ኮሌጅ ደን ተምሬ አሁን የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ (የብዙዎቻችን ዕጣ ነው)። ስለዚህ በነፃ የምመክርሽ አንድ ነገር፦ ሳትለኪ አትሽጪ። ነጋዴው በዓይኑ ለክቷል፤ ዓይኑ ደግሞ ለኪሱ ነው የሚያደላው።

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ገመድና ደብተር ይበቃሻል። ገመዱን 5 ሜትር ከ64 ሳንቲም ላይ ቁረጪው። አንዱን ጫፍ ችካል ላይ አስረሽ ክብ ስትዞሪ 100 ካሬ ሜትር ይወጣልሻል፤ የሄክታር አንድ መቶኛ ማለት ነው። ዳገት ስለሆነ ገመዱን መሬቱን ተከትለሽ አትዘርጊው፣ አግድም ወጥረሽ ያዢው። ክቡ ውስጥ ያሉትን ዛፎች ሁሉ ቁጠሪ። የእያንዳንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ፣ ከዛፉ በላይኛው በኩል ቆመሽ፣ ለኪ። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍዪ ውፍረቱን ታገኛለሽ። እንዲህ ያለ ክብ ጥዱ ውስጥ አምስት ቦታ ሥሪ። ቦታውን ግን ዓይንሽ የወደደውን አትምረጪ፤ ሰው ሳያውቀው ወፋፍራሞቹ ጋ ነው የሚቆመው። በየ30 እርምጃው ብለሽ የደረሽበት ላይ ችካል ምቺ፣ ባዶ ቦታ ቢሆንም።

ለቁመቱ ክንድሽን ዘርጊና ከዓይንሽ እስከ ጡጫሽ ያለውን ያህል የሚረዝም ዱላ ከጡጫሽ በላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። ዱላው ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ልክ እስኪሸፍነው ድረስ ራቂ፤ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሳይሆን ዳገቱን አግድም ይዘሽ። ከቆምሽበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት ቁመቱ ነው። ለምን እንደሆነ ለሂሳብ አስተማሪ አላስረዳም።

አሞራ_ገደል (ሰኞ፣ ማታ 3:50)

ለአንድ ሄክታር ይሄ ሁሉ ጣጣ? ይሄ እኮ ደን አይደለም፣ ሰፋ ያለ ጓሮ ነው 😂

ወንዶ_ምሩቅ (ሰኞ፣ ማታ 3:58)

@አሞራ_ገደል ኢትዮጵያ ከ2007 ወዲህ የምትጠቀምበት የደን ትርጉም ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ይላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቁመቱን 5 ሜትር፣ ሽፋኑን 10 በመቶ ያደርገዋል። እኛ ቁመቱን ያሳጠርነው የቆላው ደንና ቀርከሃ እንዲገባልን ነው። በሁለቱም ብትለካው «ጓሮው» ደን ነው።

የመጋዝ_ሽማግሌ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15)

የኔ ልጅ፣ እንደምን አደርሽ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኔ በ70ዎቹ በሻሸመኔ በኩል የመንግሥት ተክል ደን ውስጥ ሠርቻለሁ። አባትሽ ስንት በስንት ነው የተከለው? ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሆነ በሄክታር 2,500 ችግኝ ነው። ያን ያህል ችግኝ የሚተከለው ሁሉም ዛፍ ይሆናል ተብሎ አይደለም። ተጠጋግተው ሲያድጉ ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ የታችኛው ቅርንጫፋቸው ይደርቃል፣ ሣሩንም ያፍኑታል። ከዚያ ግን ማሳሳት ያስፈልጋል። ጠማማውን፣ መንታውን፣ ከሥር የቀረውን ታወጪና ለቀሩት ቦታ ትሰጫለሽ። ካልሳሳ ሁሉም ይኖራል፣ አንዱም አይወፍርም። ከነጋዴው ፊት የቆመው 19 ዓመት የተጨናነቀ አጣና ነው። ጣውላ ገና አልሆነም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ወጣት ሳለሁ የቀለም ቆርቆሮ ተሰጥቶኝ የሚወድቁትን ምልክት አድርግ ተባልኩ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ዛፍ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ። አንዱን መምረጥ አቃተኝና ሁለቱንም አለፍኳቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሁለቱም እዚያው ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው እጥፍ ሆነዋል፣ እነሱ ግን ያው ሻማ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ እናንተም ዘገየን ብላችሁ አሁን በአንድ ጊዜ እንዳትከፍቱት። ተደጋግፎ የኖረ ቀጭን ዛፍ ድንገት ብቻውን ሲቀር ነፋስ ይሰብረዋል፣ በተለይ ዳገት ላይ። ከአራት አንድ አውጡ፣ ሦስት አራት ዓመት አሳርፉት፣ ከዚያ እንደገና።

ታቦር_ግርጌ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:02)

ጋሼ ይቅርታ፣ ግን አሁንም መቁረጥ ነው እኮ።

የመጋዝ_ሽማግሌ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20)

አዎ ልጄ፣ መቁረጥ ነው። ጤፍ ስታርም ምን ታደርጋለህ?

ሂሳብ_በጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:10)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ነጋዴው «ቆርጬ ብሄድ መልሶ ይበቅልላችኋል» ብሎ ወንድሜን አሳምኖታል። እውነት ነው?

ወንዶ_ምሩቅ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:34)

ባህር ዛፉ እውነት ነው፤ ጥዱ ግን ውሸት። የፈረንጅ ጥድ ከተቆረጠ አበቃ፣ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ከችግኝ ጣቢያ አዲስ አምጥታችሁ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ይሄንን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሰሽ አስቢው።

ባህር ዛፉ ጉቶው ከተጠነቀቁለት ደጋግሞ ይሰጣል። ከመሬት 10 ወይም 12 ሳንቲም ከፍ አድርጎ በመጋዝ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ፣ ልጡን ሳይገሸልጥ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል ይቆረጥ። ቡቃያው ዝናቡን ያገኘዋል። ከዚያ ከጉቶው የወጣውን ሁሉ አትተዉት፤ የሰው ቁመት ሲያልፍ ጠንካራ ጠንካራውን ሁለቱን አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ነው። ነጋዴው የቀጠረው ቆራጭ ግን ስለ ጉቶ ምን ያስጨንቀዋል? በደነዘ መጥረቢያ ከጉልበት ላይ ይመታውና ይሄዳል።

እቴ_ቡላ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:45)

እኔ ደን አልተማርኩም፣ ሲዳማ ነው ያደግኩት። አስተማሪ፣ እናትሽ ለምን ዝም እንዳሉ ልንገርሽ?

የእንሰት ጓሯቸውን ሄደሽ እይው። አምና የተተከለ ጎን ካቻምና የተተከለ፣ ከዚያ ወጣቱ፣ ቤቱ ጥግ ደግሞ የደረሰው። ቆጮ ሲያስፈልግ ከደረሰው ሁለት ሦስት ይነቀላል፤ ወዲያው ትንሹ ወደ ክፍት ቦታው ይዛወራል። ጓሮው በየዓመቱ ይበላል፣ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «እንሰቱን በሙሉ በአንድ ቀን ልንቀልልዎ፣ ጥሩ ገንዘብ አለው» ቢላቸው እናትሽ የሚመልሱት ያንኑ ዝምታ ነው።

ወንዶ_ምሩቅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:10)

@እቴ_ቡላ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጬ የተማርኩትን በአሥር መስመር ጨረስሽው። ከምሬ ነው።

በሳክሶኒ፣ ጀርመን አገር፣ የማዕድን ሥራ ኃላፊ የነበረ ካርሎቪትስ የሚባል ሰው በ1713 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይሄንኑ ነው። ብር ለማቅለጥ ከሰል ያስፈልጋል፣ በማዕድኑ ዙሪያ ያለው ደን ደግሞ አለቀ። ስለዚህ ደኑ መልሶ ከሚያፈራው በላይ አትውሰዱ አለ። በኋላ የመጡት ደን አዋቂዎች ሂሳብ አደረጉት፦ ጥድ ለጣውላ የሚደርሰው በ30 ዓመት ከሆነና 30 ሄክታር ካለህ፣ በየዓመቱ አንድ ሄክታር ቆርጠህ አንድ ትተክላለህ፤ ሁሉም ዕድሜ ሁልጊዜ ደንህ ውስጥ አለ። የእናቶቻችን ጓሮ ማለት ነው። የእናንተ ችግር ጥዱ በሙሉ የአንድ ቀን ልጅ መሆኑ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳል፣ አንድ ላይ ያልቃል።

ባህር ዛፉን ግን አሁኑኑ እንደ እንሰቱ ማድረግ ይቻላል። አራት ቦታ ክፈሉት። በየሁለት ዓመቱ አንዱን ብቻ ቁረጡ። አራተኛውን ቆርጣችሁ ወደ መጀመሪያው ስትመለሱ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ለቋሚም ለአጣናም ይሆናል።

ጥቁር_ውሃ_ማዶ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00)

ስለ ባህር ዛፍ ይሄን ያህል ስትመካከሩ ስለ ውሃ የተናገረ የለም። የአያቶቼ ምንጭ የደረቀው ጎረቤት ባህር ዛፍ ከከበበው በኋላ ነው። አባቴ ሄዶ ለመነ፣ ሰውየው ግን አልሰማም። አሁን እናቴ ጀሪካን ይዛ የምትሄደው መንገድ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ይሄን ዛፍ «ይሰጣል ይሰጣል» ስትሉ ደሜ ይፈላል።

ታቦር_ግርጌ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:12)

እኔም ለዚህኛው ይቆረጥ እላለሁ 🙂

የመጋዝ_ሽማግሌ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40)

ልጄ የእናትሽ ድካም ያሳዝናል። ባህር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖ የሚያድግ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ምንጭ ዳርና ረግረግ ላይ የተከለ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም ነው የጎዳው። ግን እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ፦ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ባህር ዛፍ ሲመጣላት ነው እዚያው የተቀመጠችው። ዛሬም ያ አጣና ባይኖር ቤት ሠሪው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ዝግባና ወይራው ላይ ነው። ጥፋቱን የሚያመጣው ያለ ቦታው ሲተከል ነው።

ሂሳብ_በጠመኔ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:25)

አሁን አስደነገጣችሁኝ። እኛም ከባህር ዛፉ ሥር ምንጭ አለ፣ 20 እርምጃ ቢሆን ነው። ሰፈሩ ይቀዳበታል።

ወንዶ_ምሩቅ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:50)

እንግዲያው መጀመሪያ የሚቆረጠው ክፍል እሱ ይሁን፣ እንዲያቆጠቁጥም አትተዉት። ጉቶውን አስነቅላችሁ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ አስገቡበት። ቀስ ይላሉ፣ ግን የምንጭ ዳር ሥራቸው ውሃ መጠበቅ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለእኛ ለከተሜዎቹም ነው። ከወንዶ ገነት ጋራ የሚወርደው ውሃ ጨለለቃ ይገባል፣ ከጨለለቃ በጥቁር ውሃ ወንዝ ሀዋሳ ሀይቅ። ሀይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው አፈር እዚያው ይተኛል። ጨለለቃም ድሮ ሀይቅ ነበር፣ ደለል ሞልቶት ነው ረግረግ የሆነው። ዳገት ላይ አንድ ሄክታር በአንድ በጋ ተመንጥሮ ዝናብ ሲደርስበት አፈሩ የት እንደሚሄድ ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የሚበላ ሁሉ ይገምት። ስለዚህ ባህር ዛፉን ስትከፍሉት ክፍሎቹ ዳገቱን አግድም ይያዙ፤ ከላይ ወደ ታች እንደ ጥብጣብ አትቁረጡት፣ ጎርፍ መንገድ ያገኛል።

አሞራ_ገደል (ረቡዕ፣ ማታ 1:05)

ዓሣዬን ተዉልኝ 😭 ጓሮ ያልኩትን መልሻለሁ።

ታላቅ_ወንድም (ረቡዕ፣ ማታ 2:30)

የአስተማሪዋ ወንድም ነኝ። አንድ ዘመድ ነው ያሳየኝ። ጥሩ ነው፣ አገር ሁሉ እኛ ቤት ገብቷል።

ስለ ጀርመንም ስለ እንሰትም አንብቤያለሁ። ግን አንድም ሰው ለምን መሸጥ እንደፈለግኩ አልጠየቀም። ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ የቤቴ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ አባቴ በታመመ ጊዜ የተበደርኩት አለ። ዛፍ ቆሞ ሲታይ ያምራል፣ ዕዳ ግን ቆሞ አይጠብቅም። እሷ ደመወዝ አላት። እኔ ያለኝ ያ ዳገት ነው።

የመጋዝ_ሽማግሌ (ረቡዕ፣ ማታ 2:55)

ልክ ነህ ልጄ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን አንተን ነው። የባለቤቱን ችግር የማያውቅ የደን ዕቅድ ወረቀት ነው። ስንት በአስቸኳይ፣ ስንት በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያስፈልግህ ለብቻህ ጻፈው፤ እዚህ አትንገረን። ከዚያ እህትህ ለክታ የምታመጣውን ከጎኑ አስቀምጠው።

እቴ_ቡላ (ረቡዕ፣ ማታ 3:10)

ወንድሜ፣ አይዞህ። እሷም ለክፋት አልጻፈችም።

የወረዳ_ጸሐፊ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:20)

በአጭሩ ስለ ሕጉ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ከማኅበረሰብ፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን እኩል ያውቀዋል፤ ስለዚህ የራሳችሁ ነው፣ ትጠቀሙበታላችሁ። ግን እንጨቱን የጫነ መኪና ያለ ማጓጓዣ ፈቃድ ኬላ አያልፍም፤ ወረዳችሁ ያለውን የደን ባለሙያ ቀድማችሁ አነጋግሩ። «በእኔ» ያለው ነጋዴ ወረቀቱንም በእኔ ማለቱ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ከጥዱ ሥር አገር በቀል ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና የሐበሻ ጥድ ገና በ94/1986 አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ተለይተው ነበር። የእናንተ የግል ቢሆንም ሳትጠይቁ አትንኩ።

ሂሳብ_በጠመኔ (እሑድ፣ ማታ 1:30)

ለካን! ቅዳሜ ወንድሜም አብሮኝ መጣ። አኩርፎ ነበር የመጣው፤ ሦስተኛው ክብ ላይ ገመዱን ቀምቶኝ «አንቺ አታውቂበትም» አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

አምስቱ ክቦች የሰጡን 19፣ 22፣ 16፣ 21 እና 17 ዛፍ ነው። ድምሩ 95፣ አማካዩ 19፤ በሄክታር 1,900። ጥዱ ያለበት 0.6 ሄክታር ስለሆነ 1,140 ዛፍ። ነጋዴው 700 ነበር ያለው!

የዙሪያቸው አማካይ 47 ሳንቲም፣ ማለትም ውፍረታቸው 15 ነው። ቁመታቸው በዱላው 14 ሜትር ገደማ። የግንዱን ክብ ስፋት ከቁመቱ ጋር አባዝቼ፣ ግንድ ወደ ላይ ስለሚቀጥን ደግሞ በ0.45 አባዛሁትና ለአንድ ዛፍ 0.11 ሜትር ኩብ መጣልኝ፤ ለጥዱ በሙሉ 127 አካባቢ። ዳር ዳሩን ያሉት ግን ዙሪያቸው 80 እና 90 የሚሆን አለ። በአንድ ቀን የተተከሉ፣ አንድ አፈር ላይ ያሉ! ጋሼ ያሉት ገባኝ፤ ዳር ያሉት ብርሃን አግኝተዋል።

ደግሞ መሐል ላይ፣ ከጥዱ ሥር፣ ጉልበቴ የሚደርሱ ዝግባዎች አገኘን። ማንም አልተከላቸውም።

ወንዶ_ምሩቅ (እሑድ፣ ማታ 1:52)

ጎበዝ! አንድ እርማት፦ የዙሪያውን አማካይ ወስደሽ ከዚያ የግንዱን ክብ ስፋት ማውጣት ትንሽ ያሳንስብሻል፣ ምክንያቱም ስፋት የሚያድገው በስኩዌር ነው። የእያንዳንዱን ስፋት አውጥተሽ ከዚያ ደምሪ። ትክክለኛው ከ127 ከፍ ይላል።

ያንቺኑ ቁጥር ብንወስድ በሄክታር 212 ሜትር ኩብ፣ ለ19 ዓመት ሲካፈል በዓመት 11። ያልሳሳ ጥድ ይሄን ካበቀለ መሬታችሁ ጥሩ ነው። ሲሳሳ ጠቅላላ ዕድገቱ ብዙ አይጨምርም፤ ግን ያው ዕድገት በጥቂት ወፍራም ግንድ ላይ ያርፋል። መጋዝ ቤት ዋጋ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ዝግባዎቹን ወፍ ነው ያመጣቸው። ጥዱ ጥላ ሆኖላቸዋል። እንጨት ስትጥሉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ከእነሱ አርቁ።

ታላቅ_ወንድም (እሑድ፣ ማታ 2:15)

ነጋዴው ዛሬ ደውሎ ነበር። 1,140 አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ማን ቆጠረላችሁ?» አለኝ። «እህቴ» አልኩት።

የተስማማነው ይሄ ነው፦ ከጥዱ ከአራት አንዱ፣ 285 ዛፍ፣ እኛ የመረጥነው። ከባህር ዛፉ የምንጩ ዳር። ሁለቱ ሲደመሩ አስቸኳዩን ዕዳ ይሸፍናሉ፤ ቆርቆሮው አንድ ክረምት ይጠብቃል። እናቴ ምርጫው ላይ እኔም አለሁበት ብላለች። ስትናገር ገና አሁን መስማቴ ነው።

ጋሼ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ምልክት ልናደርግ ነው። ቀለሙን የሚቀረው ላይ ነው የምንቀባው የሚወድቀው ላይ?

የመጋዝ_ሽማግሌ (እሑድ፣ ማታ 2:40)

የሚወድቀው ላይ። ግን ሁለት ቦታ ቀቡ፦ አንዱን ደረት ላይ፣ ቆራጩ እንዲያየው፤ ሌላውን ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ጉቶው ላይ የሚቀር። መኪናው ሄዶ ስትዞሩ ቀለም የሌለው ጉቶ ካገኛችሁ ያልሸጣችሁት ዛፍ ተወስዷል ማለት ነው፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሳትቀበሉ ቁጠሩ።

ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት? ጉልበቴ ዳገቱን ከቻለ እመጣለሁ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ካጋጠሟችሁ እኔ እስክደርስ እንዳትነኳቸው።